«ቀለበት አስሮላት የለ እንዴ?»፦ የገና ፊልም ክፍል ሁለት ለምን አይጥምም

እናቴ ፊልም ስታይ ዝም ብላ አታይም። ቆሎዋን እየቆረጠመች ትፈርዳለች። ማን ቀጣፊ እንደሆነ፣ ማን የዋህ እንደሆነ፣ የትኛዋ አማት ለምራት እንደማትመች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትለያለች። እንግሊዝኛው አይገባትም። ፊት ታነባለች። የቀረውን እኔ እተረጉምላታለሁ።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ሜሪላንድ እኔ ዘንድ መጥታ እስከ ጥር ከረመች። እዚህ በዚያ ሰሞን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ብርዱም አያስወጣም። ስለዚህ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበን የገና ፊልም ማየት ልማድ አደረግነው። ገናው የፈረንጅ ነው። እሷ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ናት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ በየአሥር ደቂቃው አንዲት ቆንጆ ሴት ቅቤና እንቁላል እየመታች ብስኩት ትጋግራለች። «እነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ የላቸውም?» ትላለች እናቴ። ግን ዓይኗን አትነቅልም።

አንድ ማታ «ኤ ክሪስማስ ፕሪንስ» የተባለውን የኔትፍሊክስ ፊልም አየን። ወደደችው። በማግስቱ ክፍል ሁለቱን ከፈትኩላት። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሠች። ከዚያ ቆሎውን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀለበት አስሮላት የለ እንዴ?»

«አስሮላታል።»

«ታዲያ ምን ቀራቸው?»

«ሠርጉ ነዋ፣ እማ።»

«ሠርግማ ይደገሳል፣ ይበላል። ምኑ ይታያል?»

ስለዚህ ፊልም የተጻፈ ብዙ ትችት አንብቤያለሁ። ነገሩን እንዲህ በአጭሩ የቆረጠው የለም።

ላላያችሁት ክፍል አንዱን ላውጋችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የወጣው ኖቬምበር 17 ቀን 2017 ነው። አምበር ሙር ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ መጽሔት የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሮዝ ማክአይቨር ትጫወታታለች። አልዶቪያ የምትባል፣ በካርታ ላይ የሌለች አገር ልዑል፣ ሪቻርድ፣ ዙፋኑን ይረከባል ወይስ ይተዋል የሚለውን ወሬ እንድታጣራ ትላካለች። ቤተ መንግሥት ስትደርስ ለትንሿ ልዕልት ለኤሚሊ የተቀጠረች አስተማሪ ትመስላቸዋለች። አልካደችም። ገባች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚያች ውሸት ዕዳ ነው።

ዕዳው ደግሞ በደንብ ይከፈላል። ኤሚሊ ውሸቷን ትደርስባታለች፤ ግን አታጋልጣትም። አምበር ልዑሉን በፈረስ ተከትላ ጫካ ገብታ ትወድቃለች። ተኩላ ይመጣባታል። ሪቻርድ ያድናታል፤ ወደ አባቱ የአደን ጎጆ ይወስዳታል። እዚያ አንድ ድብቅ መሳቢያ አለ። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ልዑሉ የማደጎ ልጅ መሆኑን የሚናገር ወረቀት። አሁን የያዘችው ምስጢር ሁለት ሆነ። አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእሱ። በገና ዋዜማ፣ ዘውድ ሊደፋ ሲል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። መፍትሔው የሚገኘው የሟቹ ንጉሥ ሠርተውት በነበረ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ በሚመስል የገና ጌጥ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ልዑሉ ኒውዮርክ ድረስ መጥቶ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይንበረከክላታል።

ቂላቂል ታሪክ ነው? አዎ። ግን ስፌቱ ጠንካራ ነው። እያንዳንዱ ቋጠሮ የሚፈታው በተቋጠረበት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ስትጨርስ የሰጠችው ፍርድ «ደግ ልጅ ናት። ዋሸች እንጂ» የሚል ነበር። ፊልሙ ከዚህ በላይ አይልም፤ እንዲልም አይጠበቅበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። የአልዶቪያ ቤተ መንግሥት ሆኖ የሚታየው ሕንፃ ሮማኒያ ውስጥ፣ ሲናያ የምትባል ተራራማ ከተማ ላይ ያለው የፔሌሽ ቤተ መንግሥት ነው። የእውነት ነገሥታት የኖሩበት ነው። የሮማኒያ የመጨረሻው ንጉሥ ሚካኤል በኮሚኒስቶች ግፊት ዙፋኑን የለቀቁት ዲሴምበር 30 ቀን 1947 ነበር። ያረፉት ደግሞ ዲሴምበር 5 ቀን 2017። ፊልሙ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ሲመለስ መጀመሪያ ያረፈው እዚያው ፔሌሽ ነው። ዓለም ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሌለ አገር ልዑል በዚያ ቤት ዘውድ ሲደፋ እያየ፣ ያለ ዘውድ ሰባ ዓመት የኖሩት ንጉሥ በዚያው ቤት ይሰናበቱ ነበር። ለፊልም ይህ ይበቃ ነበር። ግን ተኩላ የለውም።

ወደ ጉዳያችን። ዲሴምበር 10 ቀን 2017 ኔትፍሊክስ በትዊተር ገጹ አንድ ቀልድ ጣለ። ላለፉት 18 ቀናት ፊልሙን በየቀኑ ላዩ 53 ሰዎች «ማን ጎዳችሁ?» የሚል። ግማሹ ሰው ሳቀ። ግማሹ ደነገጠ፦ ለካ ማታ ማታ ምን እንደማይ የሚቆጥር አለ! ክርክሩ በዚያው የግል ምስጢር ጉዳይ ሆኖ ቀረ። እኔን ግን የገረመኝ ቁጥሩ ነው። 53 በ18 ስታባዙት 954 ይመጣል። አንድ ፊልም፣ በ53 ሰው፣ 954 ጊዜ።

እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ምን ነበር? ድርጅቱ «ተጨማሪ» ነው ብሎ የተረዳ ይመስለኛል። ያን ያህል ከወደዱት ቀጣዩን ይወዳሉ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። የሒሳብ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ተረት ያወራ ሰው ግን አይሳሳተውም። ልጅን ማታ አስተኝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጁ «ከዚያ በኋላ ጅቡ ምን ሆነ?» አይልም። «ድገሚልኝ» ነው የሚለው። ስትደግሚለት አንድ ቃል ብትለውጪ ያርምሻል። አህያዋ ግራጫ ነበረች፤ ዛሬ ለምን ቡናማ ሆነች? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ከተባለ በኋላ ቀጣይ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ያለው ነገ ማታ ነው። ነገ ማታ ደግሞ ያው ተረት።

መድገምና መቀጠል የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው። ያን ፊልም 18 ቀን ሙሉ ያየ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። መጨረሻውን ስለሚያውቀው ነው የሚያየው። ድካም ያለበት ሰው ነው፤ ብርድ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ከቤቱ የራቀ ሰው ነው። የማያስደነግጠው ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ሰው «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰለህ» ብሎ መምጣት የተኛን መቀስቀስ ነው።

በዓሉ ራሱ እንዲህ አይደል? ገና በመጣ ቁጥር ዶሮው ያው ዶሮ ነው። ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት፤ ዓይናችንን የሚያስለቅሰው ያው። ባለፈው ዓመት የተበላው ወጥ «ክፍል ሁለት» ተብሎ እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው አላውቅም።

ክፍል ሁለት ግን መጣ። «ዘ ሮያል ዌዲንግ» ይባላል፤ ኖቬምበር 30 ቀን 2018 ወጣ። ዳይሬክተሩ ተቀይሯል። ክፍል አንድን የሠራው አሌክስ ዛም ነበር፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሠራው ጆን ሹልትዝ ነው። የአምበርን አባት የሚጫወተውም ሰው ተቀይሯል። እናቴ ይህንን ለመያዝ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ይሄ ደሞ ማነው?»

«አባቷ ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያው ናቸው እማ፤ የሚጫወተው ሰው ነው የተቀየረው።»

«አባት ይቀየራል?»

ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ለድገማ የመጣ ተመልካች አህያዋ ቡናማ ስትሆን ያያል።

የክፍል ሁለት ትልቁ ችግር አምበር የምትደብቀው ነገር ማጣቷ ነው። በመጀመሪያው ፊልም በእያንዳንዱ ራት ላይ፣ በእያንዳንዱ ፈገግታ ጀርባ «ቢነቃባትስ?» የሚል ፍርሃት ነበር። አሁን ሁሉም ያውቃታል፤ ንጉሡ ይወዳታል፤ ንግሥቲቱ እናቱም ወደዋታል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ሌላ ችግር ፍለጋ ቤቱን በረበሩ። ያገኙት የቤተ መንግሥት ሥርዓት ነው። ይህን ልበሺ፣ ያን አትልበሺ። ብሎግሽን አትጻፊ። ለሠርጉ የተቀጠረው ሰው ቀሚሱን እኔ በመረጥኩት ነው የምሠራው ይላል። እነዚህ ችግሮች አይደሉም እንዳይባል ችግር ናቸው። ግን የእኛ አገር ሙሽራ ከዚህ የባሰ ታይ የለ? አክስቶች ሚዜ ሲመርጡላት፣ የአጎት ሚስት ስለ ድንኳኑ ስትጣላ። ይህን ማንም ፊልም አላደረገውም። ይታለፋል።

ይህ ስላልበቃ ሁለተኛ ችግር ተጨመረ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ንጉሥ ሪቻርድ አገሪቱን ለማዘመን አንድ ትልቅ የኢኮኖሚ ዕቅድ አውጥተዋል። ስሙ «አዲሲቷ አልዶቪያ»። ዕቅዱ ከሽፏል። ገንዘቡ የት እንደገባ አይታወቅም። ሠራተኞች ደሞዛቸው አልተከፈላቸውም። በዓል ሊገባ ሲል አድማ መትተው ሰልፍ ወጥተዋል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጥድ እያስጌጡ፣ አምበርና ጓደኞቿ ደግሞ ገንዘቡን ማን እንደበላው ይመረምራሉ።

ይህን ስተረጉምላት እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ደሞዛቸው አልተከፈለም?»

«አልተከፈለም።»

«በበዓል?»

«በበዓል።»

«ታዲያ በየትኛው ገንዘብ ነው ይሄ ሁሉ ድግስ?»

ከዚያ በኋላ ሙሽራዋን ረሳቻት። ሰልፈኞቹ በታዩ ቁጥር ነበር ጆሮዋን የምታቆመው። አርባ ዓመት ደሞዝተኛ ሆና የኖረች ሴት ናት። በዓል ደርሶ ደሞዝ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በግ የሚገዛው ገዝቶ፣ የቀረው በብድር ዶሮ ሲፈልግ። ፊልሙ ሳያስበው የእውነት ሰው አስገባ። የእውነት ሰው ከገባ በኋላ ደግሞ ስለ ቀሚስ ክር መጨነቅ ያሳፍራል።

የዚህ ዓይነት ፊልሞች የሚቆሙበት አንድ ያልተጻፈ ውል አለ። ተመልካቹ ስለ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፊልሙም አያነሳም። የመንደሯ ዳቦ ቤት እንዴት ኪራይ እንደምትከፍል፣ ቤተ መንግሥቱን ያሸበረቀው መብራት ማን እንደሚከፍለው አይነሳም። ክፍል አንድ ውሉን አክብሮ ነበር። ክፍል ሁለት ራሱ ጥያቄውን አንስቶ፣ መልሱን ግን አንድ ሌባ ላይ ለጠፈው። ገንዘቡን የሚያሸሽ አንድ ባለሥልጣን ተያዘ፣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ፣ ደወል ተደወለ። አንድ ሰው ሲታሰር የአገር ኢኮኖሚ የሚስተካከልበት ቦታ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ።

ከባድ ጉዳይ አታንሱ ማለቴ አይደለም። ካነሳችሁት ግን ያዙት። ወይ ተረት ሁኑ፣ ወይ የሠራተኛውን ቤት በር አንኳኩ። ፊልሙ ሁለቱንም ይዞ አንዱንም አልጨበጠም።

ይህን ጉዳይ ከኔትፍሊክስ በፊት የፈታው ሌላ ቤት ነው። ሆልማርክ ይባላል። መነሻው የበዓል ካርድ ማተም ነው። ካርድ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ቃል ለሌላ ሰው መላክ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ከ2009 ጀምሮ ለገና ወቅት የተለየ ፕሮግራም አለው። አሁን አሁን ጥቅምት ላይ ይጀምርና በአንዳንድ ዓመት አርባ ገደማ አዳዲስ ፊልም ያወጣል። አብዛኞቹ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ተቀርጸው ያልቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ካናዳ ውስጥ፣ በበጋ፣ በሰው ሠራሽ በረዶ። ተዋናዮቹ በላብ እየተጠመቁ ካፖርት ለብሰው ይሳሳማሉ።

አርባ ፊልም ይባል እንጂ አንድ ፊልም ነው። በሥራ የተጠመደች ሴት ከከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ትሄዳለች። ሸሚዙ በካሬ የተጠለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ታገኛለች። አንድ አለመግባባት ይፈጠራል። በረዶ ይጥላል። በመጨረሻው ደቂቃ ይሳሳማሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሴት፣ ሌላ ሸሚዝ። ሰዎች ይህን ሲያሾፉበት እሰማለሁ። እኔ ግን ብልሃት አየሁበት። ተመልካቹ ድገማ ነው የፈለገው፤ እነሱም ደገሙለት። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች በደስታቸው ተዉአቸው። ሰው ከተጋባ በኋላ በሩ ይዘጋል።

እንዲያውም በ2018 የጀመሩት አንድ ተከታታይ አለ፤ የሚያምር ነው ጨዋታው። የመጀመሪያው ፊልም ርዕስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ለገና ቤት የምመጣበት ጊዜ» ዓይነት ነው። በ2019 «አንተ የምትመጣበት» ሆነ። በ2020 «እኛ»፣ በ2021 «እነሱ»፣ በ2022 «እሱ»። በየዓመቱ ሰዎቹም ታሪካቸውም አዲስ ናቸው። ተውላጠ ስም ብቻ እየለዋወጡ አምስት ዓመት ሄዱበት! የሰዋስው መምህሬ ብታይ ደስ ይላት ነበር።

የኔትፍሊክስ ስሌት ከዚህ ይለያል። ያኔ ማስታወቂያ አልነበረውም። የሚኖረው በወር ክፍያ ነው። ደንበኛው ክፍያውን እንዳያቋርጥ፣ ኖቬምበር ላይ ገጹን ሲከፍት የሚያውቀው ፊት እንዲጠብቀው ይፈልጋል። አዲስ ስም ማስተዋወቅ ድካም ነው። የታወቀ ስም ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎ ሌላ ቃል መጨመር ይቀላል። የሚገርመው፣ በዚያው ኖቬምበር 2018 «ዘ ፕሪንሰስ ስዊች» የሚባል ሌላ የገና ፊልም አወጡ። እዚያ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቁጭ ብለው «ኤ ክሪስማስ ፕሪንስ»ን በኔትፍሊክስ ያያሉ። እሺ፣ ፊልም ነው ማለት ነው። በ2020 የዚህኛው ክፍል ሁለት ሲወጣ ግን አምበርና ሪቻርድ ራሳቸው እንግዳ ሆነው ለዘውድ በዓል መጡ። ፊልም ላይ ያዩዋቸው ሰዎች ቤታቸው መጡ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

ከሳቁ ወገን ወጥተን ወደ ለቅሶው ወገን ብንሄድ ነገሩ የባሰ ነው። በ2000 ኒውሶንግ የተባለ የመዝሙር ቡድን አንድ የገና ዘፈን አወጣ። እናቱ ልትሞት የተቃረበች ትንሽ ልጅ ጫማ ሊገዛላት ሱቅ ይገባል፤ ገንዘቡ አይሞላለትም፤ ከኋላው የተሰለፈ ሰው ይከፍልለታል። ዘፈኑ አሜሪካን አስለቀሰ፣ ገሚሱን ደግሞ አናደደ። ዶና ቫንሊየር በ2001 ልቦለድ አደረገችው። ሲቢኤስ በዲሴምበር 2002 የቴሌቪዥን ፊልም ሠራው፤ «ዘ ክሪስማስ ሹስ»። ሮብ ሎው ለቤተሰቡ ጊዜ የሌለውን ጠበቃ ሆኖ ይጫወታል። እንባ የሚጠመዘዝበት ፊልም ነው። ግን አንድ ልጅ፣ አንድ እናት፣ አንድ ጥንድ ጫማ አለው። ያ ይበቃዋል።

በ2005 «ዘ ክሪስማስ ብሌሲንግ» መጣ። ልጁ ናታን አድጎ ሐኪም ሆኗል፤ ኒል ፓትሪክ ሃሪስ ነው። እናት ሞታለች። ጫማው ተገዝቷል። አሁን ተመልካቹን በምን ያስለቅሱት? ሌላ ሰው ማሳመም ነዋ። የሚወዳት አስተማሪ ትታመማለች። እናቱ የሞተችበት ሌላ ትንሽ ልጅም ይታመማል። በ2009 «ዘ ክሪስማስ ሆፕ» ከሲቢኤስ ወደ ላይፍታይም ጣቢያ ተሻግሮ መጣ። ናታንን አሁን የሚጫወተው ኢያን ዚሪንግ ነው። ታሪኩም የእሱ አይደለም። ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ታሪክ ነው። የጫማው ልጅ ዳር ቆሞ አጫዋች ሆነ።

ማዴሊን ስቶው በዚህ በሦስተኛው ላይ ጥሩ ትጫወታለች፤ አልክድም። ብቻውን ቢወጣ ኖሮ ማንም በማንም አይለካውም ነበር። ክፍል ሦስት በመባሉ ነው የተጎዳው። ሠልስት ላይ እንደ ቀብሩ ቀን የሚያለቅስ ሰው የለም። ያለቀሰ እንደሆነ ሌላ የራሱ ሐዘን ቢኖርበት ነው። ሁለተኛ እንባ ለማግኘት ሁለተኛ በሽተኛ፣ ለሦስተኛው ሦስተኛ ሟች። በሦስተኛው ላይ ተመልካቹ ማን እንደሚታመም ከመነሻው ይገምታል። ሲስሉ እንኳ «ይቺ ናት» ይላል።

የአልዶቪያ ሰዎች ከዚህ ወጥመድ በአንድ ነገር አመለጡ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ2019 የወጣው ክፍል ሦስት፣ «ዘ ሮያል ቤቢ»፣ ኦዲቱን ወርውሮ ወደ ተረት ተመለሰ። ከጎረቤት አገር ጋር የ600 ዓመት የሰላም ውል አለ፤ ውሉ ይሰረቃል፤ በገና ዋዜማ እኩለ ሌሊት ካልታደሰ የበኩር ልጅ ላይ እርግማን ይወርዳል። አምበር ነፍሰ ጡር ናት። ውጭ የበረዶ ማዕበል አለ፤ ማንም ከቤተ መንግሥቱ መውጣት አይችልም። ከሦስቱ ቂላቂሉ ይህ ነው። ግን ከሁለተኛው ይሻለኛል። እርግማንና ውል ያለበት ቤት ውስጥ ደሞዝ ማን እንደሚከፍል አይጠየቅም። እናቴም «እርግማንማ አለ» ብላ በቁም ነገር አየችው።

ደግሞ አንድ ነገር ላርም። ክፍል ሁለት አይጥምም አልኩ እንጂ አይታይም አላልኩም። አይተነዋል፤ እስከ መጨረሻው። ቡና ላይ ቶና ከአቦል እንደሚቀጥን ማን አጣው? ውኃው ተጨምሮበት ያው ዱቄት ነው። ግን ቶና ሳይደርስ ተነስቶ የሚሄድ ጎረቤት ያስቀይማል። ሰው በቶና የሚቀመጠው ለጨዋታው ነው። ክፍል ሁለትን ያየንባት ማታ እኔና እናቴ ስለ ሠራተኞቹ ደሞዝ፣ ስለ እሷ የመጀመሪያ ደሞዝ፣ አባቴ አንድ ዓመት በዓል ላይ በግ በዱቤ ስላመጣበት ቀን ስናወራ አመሸን። ሙሽራዋ መቼ ቃል ኪዳን እንደገባች አላስታውስም። የፊልሙ ሰሪዎች ለዚህ ምስጋና ይገባቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ለቡና ዱቄት ግን ምስጋና አይነፈግም።

የፈረንጆቹ ገና አለፈ። ጎረቤቶች ጥዳቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ጣሉት። የቴሌቪዥኑ ገጽ ቀዩን ሹራብ አውልቆ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። የእኛ ገና የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ነው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ጾሟን ፈታች፤ ዶሮው ተበላ፤ ቡና ተፈላ። ከዚያ ሶፋዋ ላይ ወጥታ እግሯን ሰበሰበች።

«ያቺን ልጅ ክፈቺልኝ።»

«የትኛዋን?»

«የፊተኛዋን። አባቷ ሳይቀየር።»

ከፈትኩላት። አምበር ሻንጣዋን ይዛ ቤተ መንግሥቱ ደረሰች። እንደ ልማዴ ልተረጉምላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ።

«ዝም በይ፤ አሁን ነው የምትዋሸው።»